ልብና ሳንባን የሚተካው ማሽንና የደም ኢንፌክሽን፤ ከጎጃም ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ እትም ከጎጃም የተላኩልን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ በመሆናቸው ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ከደብረ ማርቆስ የጻፉልን እኅት ያነሡት ጥያቄ ለሌሎቹም መንደርደሪያ ስለሚሆን እሱን ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ «ታላቅ ወንድሜ በዲቪ ሄዶ አሜሪካ የሚኖር የ44 ዓመት ሰው ነው። ከባድ የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ገባ፤ መተንፈሻ ማሽኑ ብቻውን አልበቃው ስላለ ኤክሞ ከሚባል ማሽን ጋር እንዳገናኙት ባለቤቱ ነገረችን። እግዚአብሔር ይመስገን ተሻለው ብለን ሳንጨርስ፣ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ ተባለ። ቤታችን ውስጥ ሐሳብ ተከፍሏል፤ ገሚሱ ሐኪሞቹ ቸል ብለውት ነው ይላል፣ ገሚሱ ማሽኑ ነው የመረዘው ይላል። ያን ያህል በሠለጠነ ሆስፒታል፣ ያውም ነርስ ከአጠገቡ ሳትለይ፣ ባክቴሪያ እንዴት ደም ውስጥ ሊገባ ቻለ? ትኩሳት የለውም ይሉናል፤ ታዲያ በምን አወቁ?»

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ በቅድሚያ ለወንድምዎ ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክላቸው። ለጥያቄዎ ተገቢውን መልስ ለመስጠት ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ማስረዳት ግድ ይላል። ኤክሞ የታመመውን ሳንባ ወይም ልብ በራሱ አያድንም፤ አካሉ እስኪያገግም ድረስ ሥራውን ተክቶ ይሠራለታል እንጂ። ብዙውን ጊዜ በብሽሽት በኩል፣ ውፍረቱ ከ7 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ካኑላ የተባለ ቱቦ ወደ ትልቁ ደም መልስ ሥር ይገባል። ኦክስጅን ያነሰው ደም በዚህ ቱቦ ይወጣና በፓምፕ እየተገፋ ኦክስጅኔተር በሚባለው የማሽኑ ክፍል ውስጥ ያልፋል፤ እዚያም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራግፎ ኦክስጅን ከተቀበለ በኋላ በሌላ ቱቦ ወደ ሰውነት ይመለሳል። የታመመው ሳንባ ብቻ ከሆነ ደሙ ወደ ደም መልስ ሥር፣ ልብም ከደከመ ወደ ደም ቅዳ ሥር እንዲመለስ ይደረጋል። በማሽኑ ውስጥ በደቂቃ ከ3 እስከ 6 ሊትር ደም ያልፋል። የአንድ አዋቂ ሰው ጠቅላላ ደም 5 ሊትር ገደማ በመሆኑ፣ የወንድምዎን ጠቅላላ ደም የሚያህል ደም በየአንድ ወይም በየሁለት ደቂቃው ከሰውነታቸው ወጥቶ ይመለሳል ማለት ነው።

ይህ ሕክምና ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረ አይደለም። ልብና ሳንባን የሚተካ ማሽን በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ በተሳካ ሁኔታ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካዊው ሐኪም በጆን ጊበን እጅ ሲሆን፣ ያ ግን ለቀዶ ሕክምናው ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነበር። ማሽኑ ለቀናት እንዲሠራ ተደርጎ አዋቂ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የዳነው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ታካሚው በሞተር ሳይክል አደጋ የተጎዳ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ዛሬ ታካሚዎች ለሳምንታት ከማሽኑ ጋር መቆየት ችለዋል። እርስዎን ያሳሰበዎት ችግርም የሚመጣው ከዚሁ ቆይታ ጋር ነው፤ ቱቦው በሰውነት ውስጥ በከረመ ቁጥር ባክቴሪያ የሚገባበት ዕድል ይጨምራልና።

ባክቴሪያው በየት በኩል ገባ ለሚለው ጥያቄዎ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቱቦው የገባበት ስፍራ ነው። በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይም ባክቴሪያ ምንጊዜም አለ፤ ቆዳው እስካልተበሳ ድረስ ግን ጉዳት የለውም። ካኑላው የገባበት ቦታ ለቀናትና ለሳምንታት ሳይዘጋ የሚቆይ ቁስል ነው። ደሙ በማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን የተባለ ደም ማቅጠኛ ስለሚሰጥ በቱቦው ዙሪያ ደም በትንሽ በትንሹ ይመነጫል፤ ስፍራውን የሸፈነው ግልጽ ፕላስተር ከሥሩ ይርሳል፣ ጠርዙም መነሣት ይጀምራል። ብሽሽት ደግሞ ከሽንትና ከዓይነ ምድር የራቀ ቦታ አይደለም። ነርሷ ፕላስተሩን ስትቀይር ሌላ ባለሙያ ቱቦው ቅንጣት ታህል እንዳይንቀሳቀስ በሁለት እጁ ይይዝላታል፤ እሷም ንጹሕ ጓንት አድርጋ፣ የረጋውን ደም አንሥታ፣ ቆዳውን ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ባለበት አልኮል አሽታ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ይህ ሁሉ ተደርጎም የቱቦውን ውጫዊ ገጽ እየተከተሉ ወደ ውስጥ የሚዘልቁ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ።

ካኑላው ብቸኛው መግቢያም አይደለም። እንደ ወንድምዎ ያለ ታካሚ በአንገቱ ወይም በደረቱ በኩል መድኃኒት የሚገባበት ሴንትራል ላይን፣ በእጁ ደም ቅዳ ሥር ውስጥ የደም ግፊት የሚለካበት ቀጭን ቱቦ፣ በጉሮሮው የመተንፈሻ ቱቦ፣ በፊኛው የሽንት ካቴተር ይኖረዋል። መድኃኒት ለመስጠት ወይም ደም ለመቅዳት የቱቦዎቹ አፍ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ይከፈታል። ከዚህ በተጨማሪ ሰውነት በከባድ ሕመም ሲዳከም የአንጀት ግድግዳ ባክቴሪያን አጥሮ መያዝ ይሳነውና የገዛ አንጀታችን ባክቴሪያ ወደ ደም ሊያመልጥ ይችላል። መጀመሪያ ሆስፒታል ያስገባቸው የሳንባ ምችም ራሱ ወደ ደም ተሻግሮ ሊሆን ይችላል።

አንዴ የገባውን ለማስወጣት የሚያስቸግረው ነገር ደግሞ አለ። ባክቴሪያዎች በፕላስቲክ ላይ ሲያርፉ ተጣብቀው ተከማችተው በላያቸው ላይ ልባስ ይሠራሉ፤ ውኃ የከረመበትን ጀሪካን ውስጡን በጣት ሲዳስሱት የሚያሟልጨው ዓይነት ልባስ ማለት ነው። ከዚህ ልባስ ሥር ለተሸሸጉት አንቲባዮቲክ እንደ ልቡ አይደርሳቸውም። በሌላ ታካሚ ላይ ቢሆን ሐኪሙ የተበከለውን ቱቦ ነቅሎ በመጣል ነገሩን ያቃልለዋል፤ የኤክሞን ካኑላ መንቀል ግን ታካሚውን ከሕይወቱ መነጠል ሊሆን ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ ቱቦው ባለበት ሆኖ በመድኃኒት ለመታገል ይገደዳሉ።

ችግሩ ምን ያህል የተለመደ ነው ብንል፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው ኤልሶ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር በየአገሩ ኤክሞ ከሚሰጡ ሆስፒታሎች መረጃ እየሰበሰበ ይመዘግባል። ከዚሁ መዝገብ ከ20 ሺህ በላይ ታካሚዎችን መረጃ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከአዋቂዎቹ መካከል ከአምስቱ አንዱ ገደማ በማሽኑ ላይ ሳሉ በአንድ ዓይነት ኢንፌክሽን ተይዘዋል። ይህ ቁጥር የደሙን ብቻ ሳይሆን የሳንባውንና የሽንቱንም የሚጨምር ነው። በሁሉም የዕድሜ ክልል ብዙ ጊዜ የተገኙት ስታፊሎኮከስ የተባሉ የቆዳ ባክቴሪያ ዝርያዎች፣ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስና ሲውዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ነበሩ።

እንግዲህ የቤተሰብዎን ክርክር በሚመለከት፣ በእኔ ግምት ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም ፍርዱን አስቀድመውታል። ማሽኑ መርዝ አይረጭም፤ ይሁን እንጂ ሕይወትን የሚያቆየው ቱቦ ራሱ የባክቴሪያ መግቢያ መሆኑ አይካድም። የእጅ ንጽሕናና የቱቦ አያያዝ ጉድለትም ኢንፌክሽንን እንደሚያበዛ በሚገባ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ኢንፌክሽን ስለተገኘ ብቻ ጉድለት ተፈጽሟል ብሎ መደምደም አይቻልም። ባለቤታቸው ሐኪሞቹን እንዲህ ብለው ቢጠይቁ ይበጃል፦ የተገኘው ባክቴሪያ የትኛው ነው? ለምርመራ ደሙ ከተጨመረባቸው ጠርሙሶች በስንቱ ውስጥ ነው የበቀለው? ምንጩ የትኛው ቱቦ ወይም አካል ነው ብላችሁ ትገምታላችሁ? መድኃኒቱ ከተጀመረ ወዲህ ደሙ ተደግሞ ሲመረመር ጠርቷል ወይ? የተቀየረ ወይም የወጣ ቱቦ አለ ወይ? በትጋት የሚሠራ ቡድን እነዚህን ጥያቄዎች ሲጠየቅ ቅር አይለውም፤ የሚያገኙት መልስም «ቸል ብለውት ነው» ከሚለው ጥርጣሬ ይልቅ ቤተሰቡን ያረጋጋዋል።

ትኩሳቱን በተመለከተ ያነሡት ነጥብ ትክክለኛ ነው። ደሙ ከሰውነት ውጪ ሲዘዋወር እንዳይቀዘቅዝ ማሽኑ ሙቀቱን የሚቆጣጠርበት ክፍል አለው፤ በዚህም ክፍል ውስጥ ውኃው ከደሙ ጋር ሳይነካካ ያሞቀዋል ወይም ያቀዘቅዘዋል። ሐኪሙ 37 ዲግሪ ላይ ካስቀመጠው፣ ሰውነቱ ለማተኮስ ቢታገልም ቴርሞሜትሩ 37 ያሳያል። የነጭ ደም ሴል ቁጥርና ሲአርፒ የሚባለው በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያመለክት የደም ምርመራም ደሙ ከፕላስቲክ ጋር በመነካካቱ ብቻ ሊዛቡ ስለሚችሉ እንደ ወትሮው አይታመኑም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሌሎች ምልክቶችን ይከታተላሉ። የደም ግፊት ማስጠበቂያ መድኃኒቱ ያለ በቂ ምክንያት እየጨመረ ይሄዳል፤ ኩላሊት ሽንት ይቀንሳል፤ ማሽኑ ታካሚውን 37 ላይ ለማቆየት ውኃውን ከወትሮው ይበልጥ ማቀዝቀዝ ይጀምራል። ደም የሚያወጣው ቱቦም ሲንቀጠቀጥ በዓይን ይታያል፤ በኢንፌክሽን ጊዜ የደም ሥሮች ሰፍተው ፈሳሽ ወደ ውጭ ስለሚያሳልፉ ፓምፑ የሚስበው ደም ሲያንሰው ቱቦው ይርገበገባል። ደም አንሶ ወይም ቱቦው ተጣጥፎም ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቁርጡን የሚናገረው ካልቸር ነው፤ ይህም ደም ተቀድቶ በጠርሙስ ውስጥ ባክቴሪያ ይበቅልበት እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ ነው።

ጥያቄ፦ «በባሕር ዳር የጤና ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የኢንፌክሽኑ አደጋ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ፣ ታካሚው ማሽኑ ላይ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ጠንካራ አንቲባዮቲክ ለምን አይሰጠውም?»

መልስ፦ ሐሳብህ ለብዙ ሰው የሚመጣ ነው፤ አንዳንድ ማዕከሎችም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ሲያደርጉ ቆይተዋል። ኤልሶ ግን ሌላ ምክንያት ከሌለ በቀር ታካሚው ማሽኑ ላይ ስለሆነ ብቻ ለመከላከያ ተብሎ በተከታታይ አንቲባዮቲክ መስጠትን አይመክርም። ቱቦው በሚገባበት ጊዜ የሚሰጥ አንድ መጠን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በተለይ ቆዳው በቀዶ ሕክምና ከተከፈተ።

ምክንያቱ የሚገባህ አንቲባዮቲኩ የሚገድለው ማንን እንደሆነ ስታስብ ነው። ለሳምንታት በሚቆይ መድኃኒት ሥር መጀመሪያ የሚያልቁት ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ቦታውን የሚወርሱት ደግሞ መድኃኒቱን የተላመዱት ክሌብሲዬላና አሲኔቶባክተር፣ ጭራሹንም አንቲባዮቲክ የማይነካው ካንዲዳ ናቸው። ካንዲዳ ደም ውስጥ ከገባ ሕክምናው ከባድ ነው፤ ደሙ መጥራቱ ከተረጋገጠበት ዕለት አንሥቶ ቢያንስ 14 ቀን የፈንገስ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ዓይንም መታየት አለበት። በአገራችን ሆስፒታሎች መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ምን ያህል እንዳስቸገሩ አንተም በተግባር ልምምድህ ወቅት ሳታየው አትቀርም።

ሁለተኛው ነገር የመድኃኒቱ መጠን ነው። ከማሽኑ ጋር የተገናኘ ሰው ደም የሚዘዋወርበት ስፍራ ይሰፋል፤ ከዚህም በላይ በስብ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሙ መድኃኒቶች በቱቦውና በኦክስጅኔተሩ ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃሉ። ማስታገሻው ፌንታኒልና የፈንገስ መድኃኒቱ ቮሪኮናዞል በዚህ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ ያነበብከው መጠንና በታካሚው ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ላይገናኙ ይችላሉ፤ አቅሙ ያላቸው ማዕከሎች የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ እየለኩ የሚያስተካክሉት ለዚህ ነው። ለመከላከያ ተብሎ ሳይለካ የሚሰጥ መድኃኒት መጠኑ አንሶ ከተገኘ፣ ባክቴሪያውን ሳይገድል መላመድን ብቻ ያስተምረዋል።

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከሰከላ ነው። አጎቴ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ በአንገቱ በኩል ቱቦ ገብቶለታል። ከግሽ ዓባይ ጸበል ቀድተን ብንሄድ ነርሷ አታስገቡም አለችን። እናቴ እጅግ አዘነች። ጠያቂም ከሁለት ሰው በላይ አይገባም ተባልን። ሰው ከሰከላ ድረስ ደክሞ ሄዶ ሳያየው ይመለሳል ወይ?»

መልስ፦ የአጎትዎ ቱቦ ኤክሞ ባይሆንም ጉዳዩ አንድ ነው፤ በአንገት በኩል የሚገባው ቱቦ ጫፉ የሚያርፈው ልብ አጠገብ ነው። እናትዎ በማዘናቸው አይፈረድባቸውም፤ ሰው ሲታመም ጸበል ይዞ መድረስ በእኛ ዘንድ የፍቅርም የእምነትም ምልክት ነው። ነርሷ የከለከለችው ግን እምነታችሁን አይመስለኝም። ማንኛውም ውኃ፣ ከቧንቧ የሚወርደውም ሆነ ከምንጭ የሚቀዳው፣ ለሚጠጣው ጤነኛ ሰው ምንም የማያደርጉ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል፤ ሲውዶሞናስ የውኃ ኗሪ ነው። በዚህ ምክንያት በዓለም ላይ ያሉ ብዙ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የራሳቸውን የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ሳይቀር ከታካሚው አልጋ ማራቅ ጀምረዋል። በደረትና በአንገት ላይ የተረጨ ውኃ ከፕላስተሩ ሥር ሰርጎ ቱቦው ጋ ከደረሰ፣ ከዚያ ወደ ልብ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። ሰመመን ውስጥ ላለ ሰው በአፉ የሚንጠባጠብ ውኃም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

መፍትሔ የሌለው ነገር ግን አይደለም። የክፍሉን ኃላፊ በአክብሮት ጠይቃችሁ፣ ቱቦና ፕላስተር በሌለበት አካል ላይ፣ ለምሳሌ በእግር ጣት ወይም በእጅ መዳፍ ላይ፣ ነርሷ ባለችበት ጥቂት መቀባት ይፈቀድ እንደሆነ መረዳት ትችላላችሁ። ካልተፈቀደም ካህኑ ከበር ላይ ቆመው ጸሎት ቢያደርሱ፣ ጸበሉም አጎትዎ ከክፍሉ ሲወጡ ቢደርስላቸው የሚጎድል ነገር የለም።

ስለ ጠያቂ ብዛት የሚባለው ክልከላ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። እንደ ልማዳችን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የታመመውን እጅ ጨብጦ መሳም በሌላ ክፍል መልካም ነው፤ በዚህ ክፍል ግን ሌላ አልጋ የነካ እጅ፣ ከመሬት የተጎተተ የጋቢ ጫፍ፣ ሳያውቁ የተደገፉት ቱቦ አደጋ አለው። ተራ ገብታችሁ፣ ጋቢውን ውጭ ትታችሁ፣ ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን በአልኮል እያሻችሁ ግቡ። ከሩቅ የመጣው ዘመድ አስታማሚዎቹን ቢያበረታና ስንቅ ቢያቀብል የጥየቃውን ሥራ ፈጽሟል።

ጥያቄ፦ «በፍኖተ ሰላም ነርስ ነኝ። ኤክሞ የሚባለውን ማሽን በሥዕል እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። የእኛ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለው ሴንትራል ላይን፣ የሽንት ካቴተርና ኦክስጅን ነው። እዚያ የተገኘው ዕውቀት ለእኛ የሚጠቅመው ነገር ይኖረዋል?»

መልስ፦ ከሁሉ ደብዳቤዎች የእርስዎ ይበልጥ አስደስቶኛል። መልሴ በጣም ይጠቅማል ነው፤ የኤክሞ ነርሶች ታካሚዎቻቸውን ከደም ኢንፌክሽን የሚጠብቁበት ዋነኛ ዘዴ ማሽኑን የሚጠይቅ አይደለምና።

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመውን ጥናት ልጥቀስልዎ። ሐኪሙ ፒተር ፕሮኖቮስትና ባልደረቦቹ ከ100 በሚበልጡ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ አምስት ቀላል ነገሮች ሳይቆራረጡ እንዲፈጸሙ አደረጉ፦ እጅን መታጠብ፣ ሴንትራል ላይን ሲገባ ከጋውን እስከ ትልቁ ንጹሕ ጨርቅ ሙሉ መከላከያ መጠቀም፣ ቆዳውን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ከተቻለ ብሽሽትን መተው፣ የማያስፈልገውን ቱቦ ሳይዘገዩ ማውጣት። በ1000 የካቴተር ቀናት (አንድ ታካሚ ቱቦው ገብቶለት ያሳለፈው አንድ ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር) 2.7 የነበረው መካከለኛ የኢንፌክሽን ቁጥር በ3 ወር ውስጥ ወደ ዜሮ ወረደ። አዲስ መድኃኒትም ሆነ ውድ መሣሪያ አልተጨመረም። በዚህ ዓይነት አሠራር ውስጥ ነርሷ አንዱ ደረጃ ሲዘለል ካየች ሐኪሙን የማስቆም ሥልጣን ይሰጣታል። በእኛ አገር «ዶክተር፣ ጓንትዎ አልጋውን ነክቷል፣ ይቀይሩት» ብሎ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ይሁንና የክፍሉ ኃላፊ አስቀድሞ በጽሑፍ ካላጸደቀው በነርሷ ድፍረት ላይ ብቻ የሚጣል ሸክም ስለሚሆን፣ ጥያቄውን ለአስተዳደሩ ማቅረብ የእርስዎ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ከአምስቱ በየዕለቱ በእጅዎ ያለው የመጨረሻው ነው። በጠዋቱ ጉብኝት ለእያንዳንዱ ታካሚ «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። በክንድ ላይ ባለ መርፌ መሰጠት የሚችል መድኃኒት በአንገት ቱቦ ሲሰጥ፣ በራሱ መሽናት የሚችል ታካሚ በካቴተር ሲሰነብት ማየት እንግዳ አይደለም።

ሌላው የደም ካልቸር ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ደም መቀዳት አለበት። በብዙ ቦታ ታካሚው ከድንገተኛ ክፍል ሳይወጣ ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፤ ካልቸር የሚታሰበው በሦስተኛው ቀን አልሻለው ሲል ነው። ያን ጊዜ ባክቴሪያው በመድኃኒቱ ተዳክሞ በጠርሙሱ ውስጥ ላይበቅል ይችላል፤ ውጤቱም «ምንም የለም» ተብሎ ሐኪሙን ያሳስተዋል። በሽተኛው በጣም ከተጎዳ ግን ካልቸሩ ቢዘገይ መድኃኒቱ መዘግየት የለበትም፤ ደም መቅዳት የሚፈጀው የደቂቃዎች ጊዜ ነው። የአንዱን ክንድ ቆዳ አጽድተው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ከደረቀ በኋላ ሥሩን በጣት መልሰው አይዳስሱ። የጠርሙሱ ክዳን ከተነሣ በኋላ ላስቲኩን በአልኮል ይጥረጉ። በእያንዳንዱ የአዋቂ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይጨምሩ፤ በሦስት ሚሊ ሊትር የተላከ ጠርሙስ ባክቴሪያ ቢኖርም ሊስተው ይችላል። ከዚያ ከሌላኛው ክንድ ይድገሙ። ከሁለት ቦታ መቅዳት ያስፈለገበት ምክንያት፣ በአንድ ጠርሙስ ብቻ የበቀለ የቆዳ ስታፊሎኮከስ ብዙ ጊዜ ከቆዳ የተቀላቀለ እንጂ እውነተኛ ኢንፌክሽን ስለማይሆን፣ በሁለቱም ሲገኝ ግን ነገሩ ስለሚለወጥ ነው። ከዚያው ወገን ይበልጥ አደገኛ የሆነው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስና ካንዲዳ ግን በአንድ ጠርሙስ ውስጥም ቢገኙ በቸልታ አይታለፉም። ደሙን ፍሪጅ ውስጥ አያስቀምጡት፤ በክፍል ሙቀት ይዘው ቢቻል በሁለት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ያድርሱት። የተቀዳበትን ሰዓትና የክንዱን ጎን በጠርሙሱ ላይ ይጻፉ፤ ይህች ትንሽ ጽሕፈት ውጤቱ ሲመጣ ለሐኪሙ ትልቅ ትርጉም አላት።

በኤክሞ ታካሚ ላይም የሚደረገው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ደሙ በሄፓሪን ስለቀጠነ አዲስ ሥር መውጋት መድማትን ማስከተሉና የማሽኑን ቱቦ ለናሙና ሲሉ ደጋግሞ መክፈት የማይመከር መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ «ከሞጣ የምጽፍ ጡረተኛ መምህር ነኝ። በማሽኑ ላይ ሳለ በደም ኢንፌክሽን የተያዘ ሰው ይድናል? ከማሽኑ ከወረደስ በኋላ ስጋቱ ያበቃል?»

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ይድናል፤ ኢንፌክሽኑ መኖሩ የመዳንን ዕድል እንደሚቀንስ ግን መሸሸግ አይገባም። ይሁን እንጂ ኢንፌክሽን ያለባቸው ታካሚዎች አስቀድሞም ይበልጥ የታመሙና በማሽኑ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የቆዩ በመሆናቸው፣ ምን ያህሉ ጉዳት ከባክቴሪያው፣ ምን ያህሉ ከዋናው በሽታ እንደመጣ መለየት አስቸጋሪ ነው። የተገኘው ባክቴሪያ ዓይነት፣ መድኃኒት የሚመልሰው መሆኑና የዋናው በሽታ መሻል ውጤቱን በእጅጉ ይወስናሉ። ደሙ በተደጋጋሚ ሲመረመር ካልጠራ፣ ሐኪሞች ከካኑላው በስተቀር ያለውን የማሽኑን ቱቦና ኦክስጅኔተር በሙሉ በአዲስ ሊተኩት ይችላሉ፤ ይህም ፓምፑ ለአፍታ የሚቆምበትና ብዙ ዝግጅት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ከማሽኑ መውረድ ስጋቱን ወዲያው አያስቀርም። ቱቦው በነበረበት ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊገኝ፣ በረጋው ደም ውስጥም ባክቴሪያ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ከወረዱ በኋላ ብሽሽትና አንገት በአልትራሳውንድ ይታያሉ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከሆነ ሕክምናው ቢያንስ 14 ቀን፣ ብዙ ጊዜም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ የልብ ክዳኖችም በልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ይመረመራሉ። ደግሞም ሙቀቱን ሲቆጣጠር የነበረው ማሽን ስለተነሣ፣ በሽተኛው በወረደ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ሊያተኩስ ይችላል። ሰውነት ከማሽኑ ሲላቀቅ ያለ ባክቴሪያም የሚያተኩስበት ጊዜ ስላለ ቤተሰብ በዚህ አይደናገጥ፤ ሐኪሙ ግን ደም ቀድቶ ሳያረጋግጥ «የማሽኑ ነው» ብሎ ማለፍ የለበትም።